የንግድ ደብዳቤ ያለበትን ፋይል ለይቶ ስለ ማወቅ

ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር የምንጻጻፈው ደብዳቤ ቀድሞ በክላሰር ታስሮ በመደርደሪያ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ ፋይል ሆኗል። ፋይሉ ግን ሁለት ዓይነት መሆኑንና የአንዱ ጠባይ ከሌላው የተለየ መሆኑን የሚያውቅ ጽሕፈት ቤት ብዙ አይመስለኝም።

እኔም ያወቅሁት ከጥፋት በኋላ ነው። የማገለግላቸው ነጋዴ ሰሊጥ ወደ ውጭ ይልካሉ። ኮምፒዩተራችን ስላረጀ አንድ ባለሙያ ተጠርቶ መጣና በክላሲክ አውትሉክ ያለውን ደብዳቤ ወደ አዲሱ ሊያዛውር ጀመረ። ሁለት የኢሜይል አድራሻዎች ነበሩን፤ አሮጌው በፖፕ፣ አዲሱ በአይማፕ የሚሠራ። ባለሙያው በአንድ ስውር ፎልደር ውስጥ ካገኛቸው ሁለት ፋይሎች ትልቁን፣ ማለትም ስሙ በኦኤስቲ የሚጨርሰውን ቀድቶ፣ ዲስኩን ፎርማት አደረገው።

ኦኤስቲ በሰርቨር ላይ ያለው የመልእክት ሣጥን ግልባጭ ነው። ከአካውንቱ ተለይቶ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ቢወሰድ አውትሉክ አይከፍተውም፤ አካውንቱ በአዲሱ ኮምፒዩተር ሲገባ ግን ደብዳቤው ራሱ ከሰርቨሩ ይወርዳል። ፒኤስቲ ግን ዋናው መዝገብ ነው። በፖፕ የመጣ ደብዳቤ በሰርቨሩ ላይ እንዲቆይ ካልታዘዘ ከዚያ ይነሣል፤ የላክነውም ቢሆን የሚገኘው በዚሁ ፋይል ብቻ ነው። እንግዲህ የተቀዳው የማያስፈልገው፣ የጠፋው የማይተካው ሆነ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ገዥ የሰሊጡ ንጽሕና 99 በመቶ መሆን ነበረበት ሲል ተከራከረን። እኛ በ98 መስማማታችንን እናስታውሳለን፤ ደብዳቤው ግን የለም። የራሳችንን ደብዳቤ ግልባጭ ከተከራካሪያችን መለመን ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

ጥፋቱን በባለሙያው ላይ መጣል ይቀላል። ነገር ግን እርሱ የዚያን ደብዳቤ ዋጋ ከየት ያውቃል? መጠየቅ የሚገባው ጸሐፊው ነው፤ ይኸውም እኔ።

የኤክስቼንጅና የማይክሮሶፍት 365 አካውንት በኦኤስቲ፣ የፖፕ በፒኤስቲ ይቀመጣል። አይማፕ እስከ አውትሉክ 2010 በፒኤስቲ ነበር፤ ከ2013 ወዲህ በኦኤስቲ ሆኗል። ሆኖም በአይማፕ የደንበኞች አድራሻና የቀን መቁጠሪያ በዚያው ኮምፒዩተር ብቻ ስለሚቀር፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይነካ ወደ ፒኤስቲ ኤክስፖርት ማድረግ ያስፈልጋል።

በአውትሉክ አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ዳታ ፋይልስ የሚለው ቢከፈት የእያንዳንዱ ፋይል ስምና ሥፍራ ይታያል። እኔ ይህን በመዝገብ ላይ ገልብጫለሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜም አውትሉኩን ዘግቼ ፒኤስቲውን በተለየ ዲስክ እቀዳለሁ፤ አሠሪዬም ዲስኩን ከገንዘቡ ጋር በካዝና ይቆልፉበታል።