«ፕሮሰስ ላይ ነኝ»

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ጫማ ተራ፣ ጀለሴ ከሚሠራበት የአጎቱ ሱቅ ደጃፍ፣ የጫማ ካርቶን ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ነበር። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ሲያልፉ ቆም አሉና «አንተ ልጅ፣ ሠርግህን ሳናይ ልንሞት ነው እንዴ?» አሉት። ጀለሴ ሳያፍር፣ ሳያቅማማ «አባባ፣ ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰ። እሳቸውም ወዲያው ገባቸው። «በል አላህ ያሳካልህ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አስተዋላችሁ? «የምን ፕሮሰስ?» ብለው አልጠየቁም። እኛ ሰፈር «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ማለት እንደ «ታምሜያለሁ» ወይም እንደ «ሐዘን ላይ ነኝ» ያለ፣ ከሁሉም ነገር ነፃ የሚያወጣ ፈቃድ ነው። ለምን አላገባህም? ፕሮሰስ ላይ ነኝ። ትምህርቱን ለምን አቋረጥከው? ፕሮሰስ ላይ ነኝ። የራስህን ሱቅ ለምን አትከፍትም? ኧረ ተወኝ፣ ፕሮሰስ ላይ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ግን ዛሬ ልጠይቅ ነው።

መጀመሪያ የጀለሴን ነገር ላውጋችሁ። ታላቅ እህቱ በ1998 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷት ኦሃዮ ገባች። ዓመታት አለፉና ዜግነት ስታገኝ እናታቸውን ጠራች። የአሜሪካ ሕግ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ እናትና አባቱን ሲጠራ የኮታ ወረፋ አያስጠብቅም። ግን አንድ ማነቆ አለው። በዚህ መንገድ የምትሄድ እናት ሌላ ልጇን አስከትላ መሄድ አትችልም። ስለዚህ እናት ሄደች፣ ልጅ ቀረ። እሷም ግሪን ካርዷን እንደያዘች በ2009 ዓ.ም. «ያላገባ ልጄ» ብላ ማመልከቻ አስገባችለት። ያኔ 23 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ ጀምሯል።

«ያላገባ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው እሷ ላይ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያላት እናት ያገባ ልጇን መጥራት አትችልም። ልጁ ያገባ ዕለት ማመልከቻው ይሞታል፤ ማንም ሰው ቀበሮ ጉድጓድ ሳይቆፍርለት በራሱ ጊዜ ይቀበራል። እናትየው ዜጋ ከሆነች በኋላ ነው ያገባ ልጅ የምትጠራው፤ ያ ደግሞ ሌላ ወረፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ተራ የደረሳቸው ያላገቡ የግሪን ካርድ ባለቤት ልጆች ዘጠኝ ዓመት ገደማ የጠበቁ ነበሩ። ያገቡት የዜጋ ልጆች ደግሞ ከ13 ዓመት በላይ የጠበቁ።

ጀለሴም ሰው ነውና ወደደ። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ጨዋ፣ ሠራተኛ፣ ከእሱ ይልቅ ትዕግሥት ያላት። አራት ዓመት ጠበቀችው። ቤተሰቦቿ «ይህ ልጅ ምን አስቧል?» ማለት ሲጀምሩ መካሪው በዛ። ከሁሉም ድምፁ የጎላው አንድ ደላላ ነበር። «ምን ያስጨንቅሃል? ኒካህ እሰርና ተቀመጥ። ክፍለ ከተማ ሄደህ ካልፈረምክ አላገባህም ማለት ነው» አለው።

ወዳጆቼ፣ ይህ ምክር በየተራው ይሸጣል። ከነጠላ ጫማ በላይ ይሸጣል። ውሸት መሆኑን ግን የሚናገር የለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ሥርዓት የሚፈጸም። ኒካህም ቁርባንም ጋብቻ ነው። ስለዚህ ቆንስላው ፊት ቆሞ «አላገባሁም» ማለት በወረቀት መጫወት ሳይሆን መዋሸት ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ቪዛ ለማግኘት ዋናውን ጉዳይ አስመልክቶ የዋሸን ሰው በሕግ ዕድሜ ልኩን ነው የሚከለክሉት። ይቅርታ የሚጠየቅበት ቀዳዳ አለ፤ ጠባብ ነው። በዚያ ላይ ውሸቱ ቢያልፍ እንኳ መጨረሻው ምንድን ነው? ኦሃዮ ከገባ በኋላ «ሚስቴን ልጥራ» ሲል «መቼ አገባህ?» ይባላል። እውነቱን ከተናገረ ራሱን ያጋልጣል፤ ከዋሸ ሁለተኛ ጊዜ ዋሸ። ልጅ ተወልዶ ከሆነማ የልጁ ዕድሜ ብቻውን ምስክር ነው።

ስለ ምስክር ካነሳን አይቀር ደሙን እናንሳ።

እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካኖቹ ስደተኛ ሆነው የገቡ ሰዎች ቤተሰባቸውን በሚጠሩበት አንድ ፕሮግራም ላይ የዲኤንኤ ምርመራ ጀመሩ። መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ፣ በአብዛኛው ሶማሊዎችንና ኢትዮጵያውያንን ነበር የመረመሩት። ቀጥሎ አዲስ አበባን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሰፋ። ውጤቱ ሲወጣ በወረቀት የተጻፈው የሥጋ ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከመቶ ሃያ እንኳ አልሞሉም። በቀሩት ውስጥ ቢያንስ አንድ የማይገጥም ሰው ተገኝቷል ወይም «አልመረመርም» ያለ አለ። ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ተዘጋና እስከ 2012 አልተከፈተም። በእነዚያ አራት ዓመታት እውነተኛ እናትና እውነተኛ ልጅም አብረው ተዘግተዋል።

ያን ቁጥር አይቶ «አጭበርባሪ ሁሉ!» ማለት ይቀላል። እኔ ግን ከተቆጠሩት ውስጥ ስንቱ ደላላ የሸጠው «ልጅ» እንደሆነ፣ ስንቱ ደግሞ የሟች እህት ልጅ እንደሆነ አስባለሁ። እኛ አገር እኮ የእህቱን ልጅ ያሳደገ ሰው «ይህ የእህቴ ልጅ ነው» ብሎ አያስተዋውቅም፤ «ልጄ ነው» ነው የሚለው። ነውር ስለሆነ። ልጁም አክስቱን «እማዬ» ይላታል። ሰፈሩም ያንኑ ያውቃል። ፎርሙ ላይ ግን «ልጅ» የሚለው ሳጥን እንዲህ ያለ ቦታ የለውም። የጉዲፈቻ ልጅ ይቀበላሉ፤ ያውም ልጁ 16 ሳይሞላው በሕግ ጉዲፈቻ ከተደረገና ሁለት ዓመት አብሮ ከኖረ ነው። ጉዲፈቻ ደግሞ በእኛም ሕግ ፍርድ ቤት ነው የሚያጸድቀው። ስንቷ አክስት ናት የሙት ልጅ ይዛ ፍርድ ቤት የሄደችው? ወስዳ አበላችው፣ አለበሰችው፣ ትምህርት ቤት አስገባችው፤ አለቀ።

ስሙስ ቢሆን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁላችን የቤተሰብ ስም ደንግጎ ነበር። ማንም አልተጠቀመበትም። እስከ ዛሬ እናትና ልጅ አንድ ዓይነት የአባት ስም የለንም። የልደት ቀንም እንደዚያው ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድነው ብዙዎች ዕድሜያችንን ያወቅነው «ደርግ ሲወድቅ ክርስትና ተነስተህ ነበር» ተብለን ነው። ያንን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለብጡት አንዱ ወረቀት ላይ ሰባት ዓመት፣ ሌላው ላይ ስምንት ይደመራል። ጠያቂዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ ቀና ስትል ንጹሑም ሰውዬ ያልበዋል።

ስለዚህ የሕጉ ጠባብነት አይታየኝም አይደለም። ይታየኛል። ግን ጠባብ በር በውሸት አይሰፋም። በ2008 ያየነውም ይህንኑ ነው፤ የአንዱን ውሸት ዋጋ ሌላው ከፈለ። ያሳደጋችሁት ልጅ ካለ «ያሳደግሁት የእህቴ ልጅ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ጉዲፈቻ ማድረግ የምትችሉበት ዕድሜ ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ፍርድ ቤት ሂዱ። ይህንን የምታነብ አክስት አትኖር ይሆናል፤ ያሳደገቻችሁ አክስት ካለች ግን ንገሯት።

አሁን ወደ ወረፋው ልመለስ። እህትና ወንድም የሚጠራበት መስመር ለዓለም በሙሉ በዓመት 65 ሺህ ቪዛ ነው ያለው። ያ ቁጥር የትዳር ጓደኛንና ልጆችንም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2025 ተራ ሲደርሳቸው የነበሩት በ2007 አካባቢ ያመለከቱ ናቸው። አስቡት፤ የእኛን ሚሊኒየም ያከበርነው በዚያው ዓመት መስከረም ነበር! ያኔ ወንድሟ ያመለከተላት እናት የአራት ዓመት ልጅ ታቅፋ «ከልጄ ጋር እሄዳለሁ» ብላ ነበር። ዛሬ ያ ልጅ ጺም አለው። 21 ከሞላው ደግሞ «ልጅ» መባሉ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ሕግ ትንሽ ያግዛል፤ ማመልከቻው ገብቶ እስኪፈቀድ የፈጀውን ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ላይ ይቀንሳል። ከፈቃዱ በኋላ ወረፋ ላይ ያለፈውን ዓመት ግን አይቀንስም። ዋናው ጊዜ የሚያልቀው ደግሞ እዚያ ነው። እናትየው የምትመርጠው ልጇን ትታ ወደ ወንድሟ መሄድ ወይም ወንድሟን ትታ ከልጇ ጋር መቅረት ነው። ይህ እንግዲህ «ቤተሰብ ማገናኛ» ይባላል።

በዚያ ላይ ሕጉ ባለበት አይቆምም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በአንድ ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ የእህትና የወንድም፣ ያደጉ ልጆችም መስመር ቆሞ እስከ የካቲት 2021 ቆይቷል። እንግሊዝ የትዳር ጓደኛውን የሚጠራ ሰው ሊኖረው የሚገባውን የዓመት ገቢ በ2012 18,600 ፓውንድ አለችው፤ በ2024 29,000 አደረገችው። ጀርመን ከ2007 ጀምሮ ባልና ሚስት ከመገናኘታቸው በፊት የጀርመንኛ ፈተና እለፉ ትላለች። ስታመለክቱ የነበረው በር ስትደርሱ ላይኖር ይችላል።

መርካቶ ላይ ዕቁብ የማይጥል ነጋዴ ፈልጋችሁ አታገኙም። ዕቁብ ደግሞ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣው ባይደርስህ የመጨረሻው ሳምንት መቼ እንደሆነ ታውቃለህ። ዕቁብ ስለምትጥል ሱቅህን አትዘጋም፤ እንዲያውም ዕቁቡን ለመጣል ጠንክረህ ትነግዳለህ። ታዲያ ቪዛ ሲሆን ምን ነካን? ሱቁን ዘግተን ዕጣ የምንጠብቀው ለምንድን ነው?

የጀለሴ አጎት ከአምስት ዓመት በፊት «ና፣ ግማሽ በግማሽ እንሥራ» ብለውት ነበር። «ልሄድ አይደል? ምን ያደርግልኛል» አለ። ያንን ድርሻ ሌላ ሰው ገባበት። ያ ሰው ዛሬ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቷል። ጀለሴ ከዚያው ካርቶን ላይ አልተነሳም። ለፕሮሰሱ ያወጣውን ብር ቁጭ ብሎ ደምሮታል፤ የተረጎመበትን፣ ያስማረከበትን፣ የላከበትን። እነዚያን አምስት ዓመታት ግን ደምሯቸው አያውቅም።

እንዳትሳሳቱ፤ አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ቪዛ እጄ ቢገባ እኔም አልቀርም። እናቱ በስልክ «ሳላይህ እንዳልሞት» ስትል ሰምቻታለሁ፤ በዚህ የሚቀልድ ሰው ልብ የለውም። ሰው ከእናቱ ጋር መኖር መፈለጉ መብቱ ነው። የምለው ሁለት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ እውነቱን ንገሩን። «በቅርቡ ነው፣ ትንሽ ታገስ» አትበሉ። ስንት ዓመት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቪዛ ቡለቲን በየወሩ ይወጣል። «ዘጠኝ ዓመት ነው» ብትሉን እናለቅስና እንነሳለን። «በቅርቡ» ስትሉን ግን ጫማችንን አድርገን በር ላይ እንቀመጣለን።

ሁለተኛ፣ ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ፣ ምርጫችሁን ምርጫ አድርጉት። «አላገባም፣ እጠብቃለሁ» ካላችሁ ለልጅቷ ከእነ ዓመቱ ንገሯት፤ እሷም ትምረጥ። «አገባለሁ» ካላችሁ በአደባባይ አግቡ፤ ፋይሉ ከሞተ ይሙት። በሁለቱ መሀል ተደብቆ የሚኖር ትዳር ግን ቪዛውንም ሴቲቱንም ያሳጣል። ሥራውንም፣ ትምህርቱንም ነገ እንደማትሄዱ ሆናችሁ ያዙት። ቪዛው ሲመጣ ሱቅ ይሸጣል፤ ያልተከፈተ ሱቅ ግን አይሸጥም።

ይህንን ጽሑፍ ሳላወጣው ለጀለሴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ሲያበቃ «ልጅቷ እኮ ባለፈው ወር ሽማግሌ ተልኮባት ነበር» አለኝ። «ምን አለች?» አልኩት። «መልስ አልሰጠችም። እኔን ጠይቃኛለች።» «አንተስ ምን አልካት?»

ሻዩን ጨረሰ። ከዚያ ሳቀና «ጻፈው፣ ግን ስሜን እንዳትጠራ፤ ፋይሌ ላይ ያያይዙታል» አለኝ።

መልሱን እኔም ልጅቷም እየጠበቅን ነው።

ቸር እንሰንብት።