የተቃጠለው ካሎሪ ይመለስ ወይስ ይቅር?

ስልክ እርምጃ መቁጠር ከጀመረ ወዲህ ላብም በቁጥር ይነገራል። ደብረ ታቦር ላይ በማለዳ ተነስቶ ዳገት ቁልቁለቱን አንድ ሰዓት ያህል የተራመደ የቢሮ ሠራተኛ፣ ቤቱ ሲደርስ ስልኩ «300 ካሎሪ አቃጥለዋል» ይለዋል። ሰውየው ቦርጩን ለማጥፋት የቆረጠ ነው እንበል። በቀን ከ1,800 ካሎሪ እንዳያልፍም ተነግሮታል። ታዲያ ዛሬ 300 ስላቃጠለ 2,100 መብላት ይችላል? ወይስ 300ዋ ሳትነካ ትቅር?

ጥያቄው ሲያዩት የጠገበ ሰው ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ ላይ ጋይንት የደረሰ ሰው ያንኑ ጥያቄ ተገልብጦ ያገኘዋል። እዚያ እርከን የሚቆፍረው ገበሬ ያቃጠለውን የሚተካለት የሴፍቲኔት ስንዴ ነው። ስንዴው ደግሞ የሚሰፈረው በቤተሰብ ቁጥርና በሥራ ቀን እንጂ በላብ አይደለም። ስለ ካሎሪ መመለስ በቁም ነገር መከራከር ያለበት ካለ ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

የከተማውን እናስቀድም፤ መልሱ አጭር ነው። ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ስልኩ የነገረውን ካሎሪ መልሶ መብላት የለበትም።

ቁጥሩ ራሱ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ ላይ የሚታሰሩ ሰባት መሣሪያዎችን ፈትሸው ነበር። አብዛኞቹ የልብ ምትን ደህና አድርገው ቆጠሩ። ካሎሪ ላይ ሲደርሱ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ሳተ። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቁጥር ሰውየው ወንበር ላይ ቢቀመጥም የሚያቃጥለውን ጨምሮ የያዘ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ምንም ሳይሠራ በሰዓት 70 ካሎሪ ገደማ ይፈጃል። ያ 70 በ1,800ው ስሌት ውስጥ ቀድሞ ገብቷል፤ አሁን ደግሞ በእግር ጉዞው ስም ሁለተኛ ጊዜ ሊበላ ነው።

ሰውነትም የራሱን ሒሳብ ይሠራል። ኸርማን ፖንትዘር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በታንዛኒያ አድነውና ለቅመው የሚኖሩትን የሀድዛ ሰዎች ለክተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ የሚውሉት ሀድዛዎች፣ የሰውነት መጠናቸው ከግምት ሲገባ፣ በቀን የሚያቃጥሉት ወንበር ላይ ከሚውለው ምዕራባዊ ብዙም የተለየ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ በእንቅስቃሴ ከተቃጠለው ውስጥ በአማካይ 28 በመቶ ያህሉን ሰውነት ከሌላ ቦታ ቆጥቦ እንደሚያካክሰው አሳይቷል። ስለዚህ የስልኩ 300 ሲጣራ ምናልባት 150 ቢሆን ነው። 150 ማለት አንድ ጠርሙስ ቢራ ነው።

ሳይንሱን ትተን ማዕዱን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የደገኛው ማዕድ የተሠራው ለአራሽ ነው። ሲያርስ ውሎ ለሚገባ ሰው የተለካ እንጀራ ዛሬ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ለሚውለው ልጁ በዚያው ስፋት ይቀርባል። በዚያ ላይ «ኧረ ብላ፣ አፈር ስሆን» አለ፤ ጉርሻ አለ፤ ጉርሻን የሚቆጥር መተግበሪያ ደግሞ እስካሁን አልተሠራም። ረሀብን በሚያስታውስ አገር «ወፈርክ፣ ተመቸህ» ምርቃት እንጂ ስድብ አልነበረም። እንዲህ ባለ ቤት «ዛሬ ስፖርት ሠርቻለሁ» የሚል ፈቃድ ሲጨመር ውጤቱ ይታወቃል፤ ሰውየው ስድስት ወር ተራምዶ ሁለት ኪሎ ይጨምራል፣ ከዚያም «ስፖርት አልሆነኝም» ይላል።

ለከተማው መልስ አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለው። ለመወዳደር በቀን ሁለት ጊዜ የሚሮጥ ወጣት በዚህ ምክር መመራት የለበትም። ሩጫ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት በአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ካሎሪ ይፈጃል፤ 50 ኪሎ የምትመዝን ሯጭ 25 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ 1,250 ካሎሪ ሄደ ማለት ነው። ይህን ካልመለሰች የወር አበባዋ ይቋረጣል፣ አጥንቷ ይሳሳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ችግር ራሱን የቻለ ስም እስከ መስጠት ደርሷል። ስለዚህ ምክሩ የሚሠራው ሰውነቱ ላይ የተከማቸ ስብ ላለው ብቻ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል፤ የቢሮው ሰው ያጎደለውን ካሎሪ የሚያወጣው ከዚያ ጎተራ ነው። ጎተራ የሌለውስ?

እዚህ ላይ ወደ ጋይንት እንመለስ።

ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ደቡብ ጎንደር ውስጥ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ሥር የሰደደ የምግብ ችግር ካለባቸው ወረዳዎች ተመድበው ገቡ። በዚያው ዞን ፎገራ ሜዳው ላይ ሩዝ ይታጨዳል፤ ጉና ሥር ገብስና ድንች ይለቀማል፤ እነዚህ ወረዳዎች ግን ገደልና የተሸረሸረ መሬት ይበዛባቸዋል። የፕሮግራሙ ሐሳብ መሥራት የሚችለው ሠርቶ እንዲበላ፣ የማይችለው በቀጥታ እንዲረዳ ነው። ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው፤ እርከን፣ ኩሬ፣ የገጠር መንገድ። ለእያንዳንዱ የተመዘገበ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰባል፤ አንዱ ጎልማሳ የልጆቹንና የአቅመ ደካሞቹን ድርሻ ጭምር ይሠራል። ክፍያው በእህል ሲሆን ለአንድ ቀን 3 ኪሎ ነው።

3 ኪሎ ስንዴ ወደ 10,000 ካሎሪ ይይዛል። የአንድ ቀን ቁፋሮ ይህን ያህል አይፈጅም፤ ስለዚህ ከላይ ሲታይ ክፍያው የተትረፈረፈ ይመስላል። ነገር ግን በአምስት ቀን የተገኘው 15 ኪሎ ለአንድ ሰው የወር ቀለብ ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ኪሎ፣ ማለትም ወደ 1,700 ካሎሪ ይመጣል። የእርዳታ ድርጅቶች ለአንድ ሰው በቀን የሚያቅዱት 2,100 ነው። የደብረ ታቦሩ ባለቦርጭ ልብላ ወይስ ልተው ብሎ የተጨነቀበት ቁጥር ራሱ ማለት ነው።

አሁን ላቡን እናስገባ። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዶማና በአካፋ ሲቆፍር ከተቀመጠበት በላይ በሰዓት 200 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ይፈጃል። አራት ሰዓት ከቆፈረ 800 ነው። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ በወር 25 የሥራ ቀን አለበት፤ 20,000 ካሎሪ መሆኑ ነው፤ በስንዴ 6 ኪሎ ገደማ። ከ75 ኪሎው ላይ 6ቱ ቤቱ ሳይገባ ዳገቱ ላይ ቀርቷል። ሥራ ቦታው የአንድ ሰዓት መንገድ ከሆነ ወይም ቁፋሮው እስከ ከሰዓት ከዘለቀ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ይህ ጉድለት የት እንደሚያርፍ የደጋ ቤት የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ ልጆች ይበላሉ፣ ከዚያ አባወራው፤ እናት የምትቀመጠው ሞሰቡ ሊከደን ሲል ነው። እሷ ግን ጠዋት ዶማ ይዛ ወጥታለች፣ ውሃ ቀድታለች፣ እንጨት ተሸክማለች።

ይህ እንግዲህ ሁሉም ነገር እንደ መመሪያው ሲሄድ ነው። እንደ መመሪያው የማይሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ከቤተሰቡ ሰባት ሰው አራቱ ብቻ የሚመዘገቡበት ቤት አለ፤ የአራት ሰው ስንዴ ለሰባት ይከፈላል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለውም የራሱ ታሪክ አለው። በ1997 የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. 8 ብር ሆነ። በዚያው ዓመት የእህል ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ስለነበር 8 ብር 3 ኪሎ እህል አይገዛም ነበር። አካፋው ግን ያው አካፋ ነው፤ የብር ዋጋ ወረደ ብሎ አይቀልም። ከሁሉ የሚከፋው መዘግየት ነው። የየካቲት ክፍያ ግንቦት ላይ ሲመጣ መዝገቡ ላይ «ተከፍሏል» ይላል፤ ሰውነት ግን የየካቲትን ዕዳ በየካቲት ከጡንቻው ቆርሶ ከፍሏል።

ጊዜውም ራሱ ይታይ። የሥራው ወራት ዐቢይ ጾምን ሙሉ በሙሉ ይይዛሉ። 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ የራቀ፣ ብዙውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ማለዳ ተነስቶ ድንጋይ ይፈነቅላል። ጾምና ስግደት ያቃጠለውን ላለመመለስ በፈቃድ የሚገባበት ሥርዓት ነው፤ ዋጋውም ከሌላ ቦታ የሚጠበቅ ስለሆነ በካሎሪ መነጽር ማየት አይገባም። ዶማው ግን ጾም አይደለም። የሥራ መርሐ ግብር የሚያወጣ ባለሙያ የበዓላቱን ቀን ቆጥሮ ሲያስተካክል ኖሯል፤ ጾሙንም ቆጥሮ የሰዓቱን ርዝመት ቢያሳጥር አዲስ ነገር አይሆንም። ሰኔ ላይ ሥራው ሲያበቃ ደግሞ ክረምት ይገባል። ጎተራው ባዶ፣ እርሻውና አረሙ የከበደበት ጊዜ ነው። ሰውነት ላይ የተረፈ ነገር ሊኖር የሚገባው ልክ በዚያ ሰዓት ነበር።

በነፃ የሚሠራውም አለ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይወጣል፤ ገበሬው ለሳምንታት ያለ ክፍያ ይቆፍራል። በዜና ስንት ሺህ ሄክታር እንደለማ ይነገራል፤ ስንት ኩንታል እህል በላብ እንደወጣ የተናገረ ዜና ግን ብርቅ ነው። የጋፋቱ ሴባስቶፖል ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጎተት የጎታቹ ቀለብ ከሕዝቡ ጎተራ ነበር፤ በታሪክ መጻሕፍት ግን መድፉ ጎልቶ ቀርቷል። የሥራ ሪፖርት ያኔም ዛሬም እንዲህ ነው።

እርግጥ ነው፣ እርከኑ የገበሬው የራሱ መሬት ላይ ነው፤ አፈሩ ሲቀር፣ ምንጩ ሲጎለብት የሚጠቀመው እሱ ነው። የሠራ ሰው ይብላ ማለትም ክብር አለው፤ ዝም ብሎ ከመቀበል የሚመርጠው ብዙ ነው። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን እርከን ጥቅሙን የሚሰጠው በዓመታት ነው፤ ሰውነት ደግሞ የሚሠራው በቀን ሒሳብ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በመላ አገሪቱ ደግሞ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ ሲሆኑ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ብቻ ናቸው። በየማኅበራዊ ሚዲያው ስለ ክብደት የሚሰጠው ምክር ግን አብዛኛው ለ8ቱ ነው።

ቀለቡና የሥራው ጉልበት መለያየት አለባቸው። 15 ኪሎው የቤተሰብ ቀለብ ነው፤ ዳገት ላይ የሚፈሰው ከዚያ ላይ ሊቀነስ አይገባም። በሥራ ቦታ ላይ ቆሎ፣ በሶ ወይም ንፍሮ ማቅረብ ለአንድ ቆፋሪ በቀን ከሩብ ኪሎ እህል ብዙ አያልፍም። በጾም ቀን ከሰዓት ሲፈታ ይዞት ይገባል። በነፃው ዘመቻ ላይ ደግሞ ይህ የመጀመሪያው ግዴታ መሆን ነበረበት፤ በአገሩ ልማድ ደቦ የጠራ ሰው ጠላና እንጀራ ሳያቀርብ ሰው አያሰናብትም፤ መንግሥትም ደቦ ሲጠራ ከዚህ ማነስ የለበትም።

መመሪያው ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ከሥራ ነፃ ፈቃድ ሰጥቷል፤ የሴቶች የሥራ ሰዓትም እንዲያጥር ይላል። ይህ መከበሩን ማወቅ ከባድ አይደለም። በየቀበሌው ጤና ኬላ የክንድ ዙሪያ መለኪያ አለ፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች በየጊዜው ይወጣል። ጥር ላይ ሥራው ሲጀመር አንዴ፣ ሰኔ ላይ ሲያበቃ አንዴ የቆፋሪዎቹን ክንድ መለካት ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሁለቱ ቁጥሮች ከእርከኑ ርዝመት ጎን በወረዳው ሪፖርት ላይ ይጻፉ።