ከ«ሃዲር» ሌላ አረብኛ ያስፈልገናል

ወደ ኩዌት የምንመጣ እህቶች መጀመሪያ የምንለምደው አረብኛ የቤት ውስጥ ትእዛዝ ነው። «ታአሊ»፣ «ጂቢ»፣ «ነዝፊ» እንባላለን፤ መልሳችን «ሃዲር»። በዚህ አረብኛ መታዘዝ ይቻላል፣ የማያውቁትን ሰው መጠየቅ ግን አይቻልም። በእኔ አስተያየት ከሁሉም በፊት መለመድ ያለበት የመንገዱ አረብኛ ነው።

ፋርዋኒያ አንድ ፋርማሲ ገብተሽ ሰውዬውን «ጂቢ ደዋ» ብትይው፣ «መድኃኒት አምጪ» ብለሽ አዘዝሽው ማለት ነው፤ ያውም ወንዱን በሴት አጠራር። አንቺ የደገምሽው ማዳም ስትልሽ የሰማሽውን ነው። እሱ ይህን በምን ያውቃል?

እኛ ለማናውቀው ሰው «እርስዎ» እንላለን። ኩዌቶች በዕለት ንግግራቸው አክብሮትን የሚያሳዩት ግን ከጥያቄው በሚቀድመው ቃል ነው፤ ለወንድ «ለው ሰማህት»፣ ለሴት «ለው ሰማህቲ»። «ከፈቀዱልኝ» እንደማለት ነው። ቀጥሎ የዝምድና ስም ይመጣል፦ ወንዱን «አኹይ» (ወንድሜ)፣ ሴቷን «ኡኽቲ» (እህቴ)፣ ትልቅ ሴት ከሆኑ «ኻልቲ» (አክስቴ)። እኛስ መንገድ ላይ «እናቴ»፣ «ወንድሜ» እንል የለ? ግብፃዊውም፣ ብዙ ዓመት የኖረው ህንዳዊም ይገባዋል።

«ማማ»ና «ባባ» እዚያው ቤት ይቅሩ። ፖሊሱም ሆነ የታክሲ ሹፌሩ አሠሪሽ አይደለም። «ሀቢቢ»ንም ለማታውቂው ወንድ አትበይ፤ ከልብሽ ባይሆንም ሌላ ትርጉም የሚሰጠው አይጠፋም። «አኹይ» ስትይው ግን ወንድምነቱን ነግረሽ ልኩን አስያዝሽው።

በትህትና ተናገሪ ማለቴ መብትሽን ለምኚ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ሥራሽ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ በሳምንት አንድ ቀን እረፍትም ይሰጥሻል። ይህ በ«ለው ሰማህቲ» የሚገኝ ችሮታ አይደለም። ቃሉ የሚጠቅምሽ ሰሚ ስትፈልጊ ነው። ክሊኒክ ሄደሽ ሕመምሽን ለወንድ መንገር ከከበደሽ፣ ነርሷን «ለው ሰማህቲ ኡኽቲ፣ አቢ ዶክቶራ» በያት፤ ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ ማለት ነው።

አደጋ ላይ ከሆንሽ የአስቸኳይ ጊዜ ስልኩ 112 ነው። ስልክ ከሌለሽ ደግሞ ያገኘሽውን ሰው «ለው ሰማህት አኹይ፣ አቢ ሙሳዓዳ» በይው፤ እርዳታ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ሴት ከሆነች «ለው ሰማህቲ ኡኽቲ» በያት። ዛሬ ማታ ሳህን እያጠብሽ ደጋግመሽ በይው።