የዕድሜ ልክ እስራትና የይቅርታ ወሰን፦ የመተከልን ግፍ ፍርድ ስናስብ

በመተከል ዞን፣ ከማንኩሽ እስከ ቡለን፣ በግፍ ያለቁ ወገኖቻችን ነገር ከምእመናን ልብ አልወጣም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ብቻ ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ገዳይ ተይዞ ሲፈረድበት ቅጣቱ ምን ያህል ነው? ዕድሜ ልክ ሲባልስ በእርግጥ እስከ ሞት ነውን? ይህን መጠየቅ በቀልን መሻት አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ለፈጸመ ሰው ሁለት ቅጣት ብቻ ያስቀምጣል፤ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት። ዳኛው ማቅለያ ምክንያት ካላገኘ በቀር ከዚህ ሊወርድ አይችልም። ለዳኛ ምርጫ የማይተው ቅጣት በጎረቤት አገር ክርክር አስነሥቷል፤ የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የሞት ቅጣትን በነፍስ ግድያ ላይ አስገዳጅ ማድረግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ሲል ወስኗል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢነሣ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተመርምሮ የሚወስነው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ሕጋችን ግን በሩን ፈጽሞ አልዘጋም። በአንቀጽ 202 መሠረት የዕድሜ ልክ ፍርደኛ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ጠባዩ መታረሙና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱ ይታያል። (መካስ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቷል።)

ይህ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በተግባር ታይቷል። ጥር 1999 ዓ.ም. የተፈረደባቸው ዕድሜ ልክ በግንቦት 2000 ዓ.ም. በይግባኝ ወደ ሞት ከፍ አለ። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኳን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን በዚያ መንግሥት የተነጠቀች ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች የሃይማኖት አባቶች ጋር ይቅርታ ጠየቀችላቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ግን የሰው ዘር ማጥፋትንና ያለ ፍርድ መግደልን የመሰሉ ወንጀሎች በምሕረት ወይም በይቅርታ እንዳይታለፉ ይከለክላል፤ ርእሰ ብሔሩ ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ እንዲለውጥ ብቻ ይፈቅዳል። በግንቦት 2003 ዓ.ም. የ23ቱ የሞት ፍርድ እንዲሁ ተለወጠ። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው ስለነበር 20ው ዓመት ሞልቶ፣ በመስከረም 2004 ዓ.ም. 16ቱ በአመክሮ ወጡ። ልጆቻቸውን ላጡ ወላጆች ይህ ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ ለመተከል ጉዳይ የክሱ አንቀጽ ብዙ ነገር ይወስናል። ሰው ዘር በማጥፋት የተከሰሰ በአንቀጽ 269 ከ5 እስከ 25 ዓመት፣ እጅግ ሲከብድ ብቻ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይፈረድበታል፤ ይቅርታ ግን የለውም። በከባድ ግድያ የተከሰሰው ቅጣቱ ከጅምሩ ዕድሜ ልክ ሆኖ ሳለ በአንቀጽ 28 የተጣለው ክልከላ ግን አይነካውም፤ ይህ ለእኔ የሕጉ ጉድለት ነው። የሟች ቤተሰቦች ክሱ በየትኛው አንቀጽ እንደቀረበ ከወዲሁ ቢጠይቁ መልካም ነው። በ2014 ዓ.ም. የታሰረ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ አመክሮ የሚጠይቀው በ2034 ዓ.ም. ይሆናል፤ ያን ጊዜ አማላጅ ሁኑ የሚባሉ አባቶች በመጀመሪያ ሊሄዱ የሚገባቸው ወደ በኩጂ ነው።