አቃቂና የቅርስ ሕጋችን፦ የላብ አደሩ ታሪክ ለምን ከለላ ያጣል?

በአገራችን ስለ ቅርስ ጥበቃ በተነሣ ቁጥር አእምሯችን የሚሮጠው ወደ አክሱም፣ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር ነው። አዲስ አበባ ላይ ስንደርስ ደግሞ ቤተ መንግሥቱን፣ የመኳንንቱን መኖሪያ ቤቶችና ፒያሳን እናስታውሳለን። ወደ ደቡብ ወርዶ፣ አቃቂ ቃሊቲ ላይ ቆሞ «እዚህስ የሚጠበቅ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በእኔ እምነት የቅርስ ሕጋችን እውነተኛ ፈተና ያለው ማንም ቅርስ ብሎ በማይጠራው በዚህ ሰፈር ነው።

አቃቂን ከገጠር መንደርነት ያወጣት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂም የመስመሩ ጣቢያ ሆነች። ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ተከትሎ ፋብሪካ፣ ፋብሪካውን ተከትሎ ሠራተኛ መጣ። በሕንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ የተቋቋመው የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተገደበው አባ ሳሙኤልም ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ዘመናዊቷ ኢትዮጵያ የፈተለችበትን፣ የሸመነችበትንና መብራት ያመነጨችበትን ታሪክ ማየት የሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ከወዴት ያገኛል?

ሕጉ ምን ይላል? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ጥበቃ ያደረገው ከ1850 ዓ.ም. በፊት ለተሠሩት ብቻ ነበር። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነውና መላዋ ከተማ ከነሕንፃዎቿ ከሕጉ ውጭ ቀርታ ነበር ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ግን እንዲህ ያለ የዘመን አጥር ሳያበጅ ቅርስን የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት አድርጎ ተረጎመው። ልብ እንበል፦ የሥራ ውጤት! በዚህ ትርጓሜ የንጉሥ እልፍኝና የሸማኔ አዳራሽ እኩል ደጅ ላይ ይቆማሉ።

አዋጁ ከዚህም አልፎ በርካታ የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች በአንድነት የሚገኙበትን አካባቢ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በነጋሪት ጋዜጣ እንዲከልል፣ በተከለለው ቦታም ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሕንፃም ሆነ መንገድ እንዳይሠራ የሚያደርግ ሥልጣን ሰጥቷል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሐዲዱ የተነቀለበት ጣቢያ፣ የሠራተኛው ሰፈር የፈረሰበት ፋብሪካ ነጠላ ግድግዳ ነው፤ ታሪኩን የሚናገረው አካባቢው በሙሉ ነው። እኛ ግን የለመድነው አንድ ቤት መርጦ ታርጋ መለጠፍን ነው።

ታዲያ ሕጉ እያለ ከለላው ለምን ይጠፋል? አንደኛው ምክንያት ያልተመዘገበ ሕንፃ በፈራሹም በአፍራሹም ዘንድ ባዶ መሬት ሆኖ መቆጠሩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ኢንዱስትሪዎችን፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ ወዲህ በከተማችን የመሬቱ ባለቤት መንግሥት፣ የግንባታ ፈቃድ ሰጪው መንግሥት፣ አልሚውም አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ነው፤ ቅርስ ጠባቂውም እንዲሁ። ራሱን በራሱ የሚከስ ባለሥልጣን ከየት ይመጣል? በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ አሮጌ ቤቶችን ሲያፈርስ ክርክሩ የተጋጋለው ዶዘሩ ከገባ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል አበው።

«ሕዝቡ በሚያፈስ ጣራ ሥር እየኖረ ስለ አሮጌ ፋብሪካ ታወራለህ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ የአቃቂን ወንዝ ምን እንዳደረገው የአካባቢው ገበሬ ያውቃል፤ የቀበሌ ቤት ጉስቁልናም ቅርስ ተብሎ አይሞካሽም። ነገር ግን መከለል ማለት ማድረቅ አይደለም። ጃፓኖች በ1872 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የቶሚዮካ የሐር ፋብሪካ በ1987 ሥራ ካቆመ በኋላ ጠብቀው በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አስመዝግበውታል። ከእኛም ምሳሌ አይጠፋም፤ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ የነበረው አባ ሳሙኤል በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግመኛ ኃይል ማመንጨት ጀምሯል። አሮጌው ግድብ የዳነው ጥቅም ስለተገኘለት ነው። ለጣቢያውና ለፋብሪካው አዳራሽስ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ የሙያ ማሠልጠኛ ወይም ቤተ መዘክር ለማድረግ ማን አሰበ?

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ይሄዳል፤ ስለዚህ የአሮጌው ሐዲድ መሬት አልሚን መሳቡ አይቀርም። ለገሐር ቢነካ የሚቆረቆር ብዙ ነው፤ ለአቃቂ የሚጮኽ ግን አይታየኝም። ስለሆነም የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የአቃቂ የባቡርና የኢንዱስትሪ ቀበቶ ሳይውል ሳያድር ይመዝገብ፤ ምዝገባው እስኪያልቅ የማፍረስ ፈቃድ አይሰጥ፤ የክለላው ጥያቄም ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ይቅረብ። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ያለውን ሕግ ከመደርደሪያ አውርዶ ለላብ አደሩም እንደሚሠራ ማሳየት ይበቃል።