የሚኒሶታ ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድና ትንንሽ አሠሪዎች

በዩናይትድ ስቴትስ የሚኒሶታ ግዛት እ.አ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ አንድ ሠራተኛ ብቻ የቀጠረውን ምግብ ቤት ሳይቀር ይመለከታል። አገረ ገዢው ቲም ዋልዝ በ2023 የፈረሙት ይህ ሕግ ከፌዴራሉ የሚለየውም በዚህ ነው። የ1993ቱ የፌዴራል ሕግ ለ12 ሳምንታት የሚሰጠው ፈቃድ ያለ ክፍያ ሲሆን፣ ከግል ድርጅቶች የሚያስገድደውም 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን ብቻ ነው።

በሚኒሶታ በፈቃድ ላይ ያለውን ሠራተኛ የሚከፍለው አሠሪው ሳይሆን ከመዋጮ የሚሰበሰበው የግዛቱ ፈንድ ነው። መዋጮው የደመወዙ 0.88 በመቶ ሲሆን፣ አሠሪው ቢያንስ ግማሹን ይሸፍናል። በሳምንት 1,000 ዶላር ከሚያገኝ ሠራተኛ ሊቆረጥ የሚችለው ከ4 ዶላር ከ40 ሳንቲም አይበልጥም። ከ30 የማይበልጡ ሠራተኞች ያሏቸውና አማካይ ደመወዛቸው ከተወሰነው ጣሪያ በታች የሆነ ድርጅቶች ደግሞ የሚጠበቅባቸው ዝቅተኛ ድርሻ 0.22 በመቶ ነው።

ስለዚህ ለትንሽ ነጋዴ ከባዱ ነገር መዋጮው አይመስልም፤ የሰው እጥረቱ እንጂ። ሦስት ሠራተኞች ባሉት ቤት አንዲት ምግብ አብሳይ ስትወልድ፣ የሕክምናውና ሕፃኑን የመንከባከቢያው ፈቃድ ተደምሮ በዓመት እስከ 20 ሳምንታት ሊደርስ ይችላል። 90 ቀናት ከሠራች ደግሞ ስትመለስ ሥራዋ ይጠብቃታል። እስከዚያው ጊዜያዊ ተተኪ መፈለግ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ሕጉ "ቤተሰብ" የሚለው ሰፋ ያለ መሆኑ ለእኛ ማኅበረሰብ እንግዳ አይሆንም። በሥጋ ዝምድና ባይሆንም እንኳ ያለ ክፍያ እንድናስታምመው የሚጠብቅብን የቅርብ ሰው ይካተታል። ማስታወቂያም አለ፤ አማርኛ የአምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ዋና ቋንቋ በሆነበት የሥራ ቦታ፣ ትርጉሙ ከግዛቱ እስከተገኘ ድረስ፣ አሠሪው በአማርኛም መለጠፍ ይኖርበታል።

ክፍተቱ የሚታየው በራሳቸው መኪና ተሳፋሪ በሚያመላልሱትና በግል ተቋራጭነት በሚሠሩት ዘንድ ነው። እነርሱ በቀጥታ አይሸፈኑም፤ ፈቅደው ተመዝግበው፣ መዋጮውንም ራሳቸው ከፍለው ነው የሚገቡት። አሠሪ መዋጮን ለመሸሽ ሠራተኛውን "ተቋራጭ" ብሎ ቢመዘግብ ግን፣ ከጁላይ 2024 ወዲህ በጸናው ሌላ የግዛቱ ሕግ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።