ታፒዮካ በወተትና በእንቁላል

አንዲት የተከበሩ አንባቢያችን ለዚህ ዓምድ በላኩት ደብዳቤ፣ በውጭ አገር የሚኖሩት እኅታቸው አንድ ከረጢት ነጫጭ ዶቃ የመሰለ ምግብ እንደ ላኩላቸው ገልጠው፣ ስሙ ታፒዮካ መሆኑን ከማወቅ በቀር ምንነቱንም አሠራሩንም እንዳላወቁ ነግረውናል። ይልቁንም ከሕመም ተነሥቶ ገና ምግብ የሚመርጠውን የአምስት ዓመት ልጃቸውን ያበረታው እንደ ሆነ ጠይቀዋል። ነገሩ ለሌሎችም እመቤቶች የሚጠቅም ስለ ሆነ መልሱን በዚሁ ገጽ እንሰጣለን።

በመጀመሪያ ታፒዮካ እህል አይደለም። ካሳቫ ከሚባለው ተክል ሥር የሚወጣ ነው፤ ተክሉም የደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ታፒዮካ የሚለው ስም የተገኘው ከብራዚል ነባር ሕዝብ ከቱፒዎች ቋንቋ ነው። ሥሩ ተልጦና ተፍቆ ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ከታች የሚረጋው ነጭ ዝቃጭ ታፒዮካ ይሆናል። የእንሰት ቡላ ሲወጣ ያየች እመቤት ይህን ስታነብ የምታውቀውን ነገር እንደምታገኝ አንጠራጠርም፤ ቡላም ተፍቆ ከተጨመቀው እንሰት በሚወርደው ውሃ ሥር የሚያርፍ ነውና። ልዩነቱ ታፒዮካው ገና እርጥብ ሳለ በወንፊት አልፎ፣ እየተንከባለለ ዶቃ ከሆነ በኋላ በግለት ላዩ በስሎ መድረቁ ነው።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ የምንሰጠው መልስ እመቤቲቱን ምናልባት ደስ አያሰኛቸው ይሆናል። ታፒዮካ ብቻውን ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሰውነት አይገነባም። ደረቁ ታፒዮካ 100 ግራም ቢመዘን 88 ግራም የሚሆነው ኃይል ሰጪ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ሰውነት ገንቢው ፕሮቲን ግን ሩብ ግራም እንኳ አይሞላም። ነጭና ለስላሳ የሆነ ምግብ ሁሉ ለታማሚ ይበጃል የሚል አሳብ በብዙ ቤት ስላለ፣ ታፒዮካውን በውሃና በስኳር ብቻ ቀቅሎ ጧትና ማታ ለልጅ ማብላት የሚያጋጥም ስሕተት ነው። እንዲህ የሚመገብ ልጅ ጠግቦ ከማዕድ እየተነሣ ይከሳል፤ እናቲቱም ምክንያቱ አይገባትም።

ፈረንጆች ፑዲንግ የሚሉት አሠራር ግን ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ወተትና እንቁላል ይገባበታልና። ለስድስት ሰው የሚበቃው ይህ ነው፤ ሩብ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ሲለካ ግማሽ ብርጭቆ ደቃቅ ታፒዮካ፣ ሦስት ብርጭቆ ወተት፣ ሁለት እንቁላል፣ ሲሶ ብርጭቆ ስኳር፣ ጥቂት ጨውና ቢገኝ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ። ሦስቱ ብርጭቆ ወተት 24 ግራም ያህል፣ ሁለቱም እንቁላል 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላላቸው ለእያንዳንዱ ተመጋቢ ስድስት ግራም ይደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ ታፒዮካው ያመጣው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ታፒዮካውን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው፤ ትልልቁ ዶቃ ግን ማደር ይፈልጋል። ውሃውን አጥልሎ፣ ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት ከወተቱና ከጨው ጋራ ለዘብ ባለ እሳት ላይ ይጥዱታል። ከዚህ በኋላ የእንጨት ማንኪያው ከእጅ አይለይም፤ ለአፍታ ቢተዉት ዶቃው ከድስቱ ሥር ይጣበቅና ያራል። በከረጢቱ ላይ 15 ደቂቃ ተብሎ ቢጻፍም በዚያ መተማመን አይገባም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ መብሰያው ይረዝማል። የመብሰሉ ምልክት የዶቃው መካከል ነጭነቱን ትቶ እንደ መስተዋት ብርሃን ሲያሳልፍ ነው፤ በተለይ ለሕፃን የሚሰጥ ከሆነ መካከሉ ደረቅ ሆኖ የቀረውን ማብላት አይገባም፤ ጉሮሮውን ሊያንቀው ይችላልና።

እንቁላሉ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ በመጀመሪያው ጊዜ፣ እንግዶች በማዕድ ተቀምጠው ሳሉ፣ የተመታውን እንቁላል ከሚፈላው ወተት ላይ በአንድ ጊዜ ገልብጦበት የቀረበው ነገር ስኳር የገባበት የእንቁላል ፍርፍር ነበር። እንግዶቹ በጨዋነት በሉት። ደንቡ እንቁላሉን ከስኳሩ ጋራ በሌላ ዕቃ መትቶ፣ ከትኩሱ ወተት አንድ ጭልፋ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ጭልፋ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሱበት በማማሰል ሙቀቱን ማልመድ፣ ከዚያም ሁሉን ወደ ድስቱ መመለስ ነው። እንቁላሉ ጥሬ እንዳይቀር በዝግታ እያማሰሉ እንፋሎቱ በደንብ እስኪወጣ ሦስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ያሻል፤ ሳይንተከተክ ያወርዱታል። ቫኒላው የሚጨመረው ከወረደ በኋላ ነው። ትኩስ ሳለ ቀጭን መስሎ ቢታይ አያሳስብ፤ ሲበርድ ይወፍራል።

ዶቃው እንዲህ ድካም የሚፈልግ በመሆኑ በሌላውም አገር አቤቱታ አልጠፋበትም። የእንግሊዝ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ምሳ ሲቀርብላቸው የእንቁራሪት እንቁላል ይሉት ነበር። በአሜሪካም፣ በቦስተን ከተማ ክፍል የምታከራይ ሱዛን ስቴቨርስ የተባለች ሴት፣ አንድ መርከበኛ ተከራይ ፑዲንጉ ጓጉሏል ብሎ ቢያማርራት፣ በ1894 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታፒዮካውን በቡና መፍጫ ፈጭታ አለሰለሰችው ይባላል። ሳይዘፈዘፍ ቶሎ የሚበስለው ደቃቅ ታፒዮካ በገበያ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ካሳቫ በደቡብ አገራችን በወላይታና በጋሞ በኩል ይበቅላል፤ የእንጨት ቦዬም ይሉታል። ከዚህ የተነሣ ከረጢቱ ሲያልቅ የካሳቫ ዱቄት ገዝቶ በምትኩ ለመሥራት የሚያስብ አይጠፋም። ጥሬው ሥር ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ነገር አለበት፤ በታፒዮካው አሠራር መታጠቡና መሞቁ ይህን ያስወግደዋል፤ በሚገባ ያልተዘጋጀ ዱቄት ግን ያስቀረዋል። በ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሞዛምቢክ በናምፑላ አውራጃ፣ በድርቅ ጊዜ መራራውን ካሳቫ በቅጡ ሳያዘጋጁ ከተመገቡት መካከል ከ1000 የሚበልጡ ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶችና ሕፃናት፣ እግራቸው ሽባ ሆኗል።

ስለዚህ ጠያቂያችን እመቤት፣ የእኅትዎ ስጦታ ሲያልቅ በውድ ዋጋ ሌላ ለመግዛት አይቸገሩ። ቡላውን በቀዝቃዛ ወተት በጥብጠው፣ እያማሰሉ ካበሰሉት በኋላ እንቁላሉን ከላይ በተነገረው ደንብ ቢጨምሩበት፣ ዶቃው ይቀርበታል እንጂ ለልጅዎ የሚሰጠው ጥቅም ያው ነው። የተረፈው በማቀዝቀዣ ውስጥ ተከድኖ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፤ በማግሥቱ ጠጥሮ ቢያገኙት ጥቂት ወተት ጨምረው ያላሉት።